ጥሪው ማለቁን ትታችሁ ጉዳዩ ማለቁን ለኩልን

ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት፣
የጥሪ ማዕከል ላላችሁ ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና አገልግሎት ሰጪዎች በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ በአማርኛ የሚያናግሩን ማሽኖች ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት ሊደረግላቸው ስለሚገባ ፈተና

ጤና ይስጥልኝ።

ስልክ ስንደውልም ሆነ ቴሌግራም ላይ ስንጽፍ ማሽን የሚመልስልን ጊዜ እየበዛ መጥቷል። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኤቲኤም ካርዱን የዋጠበት ሰው የሚጠይቀው ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በድምፅ የሚሠራ አገልግሎት በጽሑፍ ከሚሠራው በብዙ ይሻላል። በአውሮፓውያኑ 2014 የተጀመረውን 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር አስታውሱ። ገበሬው ይደውላል፣ ቁጥር እየተጫነ ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ በቋንቋው ምክር ይሰማል። አሁን ቁጥር መጫኑ ቀርቶ በአፉ ተናግሮ የሚጠይቅበት ጊዜ ደርሷል። ይህ እንዲሆን ከልቤ እፈልጋለሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ማሽኑን ፈትናችሁ «ይሠራል» ስትሉ፣ ምን አይታችሁ ነው?

ለዓመታት በጥሪ ማዕከል ስልክ አንስቻለሁ። በኋላ የሌሎችን ጥሪ እያዳመጥኩ ጥራት ወደ መመዘን ተዛወርኩ። አሁን የምሠራው የንግግር ማሽኖችን በመፈተሽ ነው። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በዚህ ሙያ በጣም የሚወደድ አንድ ቁጥር አለ። ከመቶ ጥሪ ስንቱ ወደ ሰው ሳይተላለፍ አለቀ የሚለው ነው። ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ድርጅት ይህንን ቁጥር ይዞ ይመጣል። አለቃም ለበላዩ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ግን በጣም የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ይቆጥራል። አንዱ የፈለገውን አግኝቶ አመስግኖ የዘጋ ነው። ሌላው ደጋግሞ ተናግሮ ሰሚ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ የዘጋ ነው። ሁለቱም ወደ ሰው አልተላለፉም። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ስኬት ናቸው።

አንድ የሙከራ ጥሪ ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ደዋይዋ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። ማሽኑ በሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፤ ምን ልርዳዎት?» አለ። እሳቸውም «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ፤ ደህና ነሽ? ሥራስ እንዴት ነው?» አሉ። ማሽኑ «ሥራ» የምትለዋን ቃል ያዘና ክፍት የሥራ ቦታ የት እንደሚለጠፍ ማስረዳት ጀመረ። እናት እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንኳ የደወልኩት፣ ልጄ ከውጭ ብር ልኮልኝ ነበር…» ብለው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ። ማሽኑ የጨረሱ መስሎት «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ። እንደገና ጀመሩ፤ ያውም ከሰላምታው። በመጨረሻ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ሲባሉ «የለም ልጄ፣ ተባረኪ» አሉ። አገልግሎቱን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ ሲባሉ 5 ተጫኑና ዘጉ።

ስለ ብሩ አንድም ነገር አልተነገራቸውም። ጥሪው ግን ወደ ሰው ሳይተላለፍ አልቋል፤ ነጥቡም 5 ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ነጥቡ ነው። እኛ ሰላምታ የሰጠንን ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ ይከብደናል። «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ብለን እናልፋለን። ለማሽንም ይሉኝታ እንይዛለን። ሰው ማሽንን እንደ ሰው ማየቱ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 1966 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የጥናትና የውሳኔ ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መልሶ ከመጠየቅ ያለፈ ነገር አያውቅም ነበር። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ከጅምሩ አይታዋለች። ቢሆንም ስታወራው ቆይታ እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰው ማሽኑን መውደዱና ማሽኑ መሥራቱ ለየቅል እንደሆኑ ያኔውኑ ታይቷል። ነጥብ ስጡ የሚለው ጥያቄ ይቀጥል፤ ግን ብቻውን ምስክር አይሁን።

መልስ ያልተገኘለት ነገርም አይደለም። በ1997 በአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራ ማሪሊን ዎከርና ባልደረቦቿ ፓራዳይዝ የተባለ የመመዘኛ ስልት አወጡ። መጀመሪያ ደዋዩ ምን ሊፈጽም እንደመጣ በዝርዝር ይጻፋል። ለባቡር ጉዞ ከሆነ ከየት፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት። ከንግግሩ በኋላ ማሽኑ እነዚህን በትክክል መያዙ ይታያል። ቀጥሎ የተከፈለው ዋጋ ይቆጠራል፤ ስንት ጊዜ ተመላለሱ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ጊዜ «አልገባኝም» ተባለ። የደዋዩ እርካታ ከእነዚህ ጋር ያለው ግንኙነት ይሰላል። በዚህ ስልት እናት 5 ቢጫኑም የብሩ ጉዳይ አለመፈጸሙ አይደበቅም።

ለጨዋታ የተሠራ ማሽን ሌላ ነው። አማዞን በ2016 ባስጀመረው የአሌክሳ ፕራይዝ ውድድር ግቡ ሰውን ለ20 ደቂቃ ሳያሰለቹ ማጫወት ነበር። እዚያ መርዘም ጥሩ ነው። ባንክ ደውዬ 20 ደቂቃ ካወራሁ ግን የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሌላው በኮምፒውተር ተሰልቶ የሚመጣው ውጤት ነው። ብሉ የሚባለው መለኪያ በ2002 ከአይቢኤም የወጣው ለትርጉም ሥራ ነው። የማሽኑን ጽሑፍ ሰው ከጻፈው ጋር አስተያይቶ የሚጋሩትን ቃላት ይቆጥራል። ለንግግር አይሆንም። «ነገ ትመጣለህ?» ለተባለ ሰው «እንዴታ!» ማለት ያስኬዳል። «ሥራ ይዞኛል፣ ይቅርታ» ማለትም ያስኬዳል። አንድም ቃል አይጋሩም፤ ሁለቱም የሰው መልስ ናቸው። በ2016 የወጣ በሙያው የታወቀ ጥናት እንዲህ ያሉ መለኪያዎች ከሰው ፍርድ ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙ ፈትሿል። ከትዊተር በተወሰዱ ንግግሮች ላይ ስምምነቱ ደካማ ሆነ። ኡቡንቱ ስለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ቴክኒክ በተደረጉ ንግግሮች ላይ ጭራሽ ጠፋ። አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ልኬልሃለሁ» እና «ልኬልዎታለሁ» ለቆጣሪው ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ይዞ ቢመጣ፣ ንግግሮቹን ራሳቸውን አምጣና እናንብባቸው በሉት።

የምንፈትንበት ዳታም ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። አማዞን በ2022 ማሲቭ የተባለ ዳታ በነጻ ለቋል። በ51 ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛም አለበት። ትልቅ ውለታ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሮቹ መነሻቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹም ለቤት ውስጥ ረዳት የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው። ማንቂያ ሙላልኝ፣ መብራት አጥፋልኝ፣ ዘፈን ክፈትልኝ። የኛ ደዋይ የሚለው «ባላንሴን ቼክ ላደርግ ነበር፣ ግን ፒኔ ብሎክ ሆኗል መሰለኝ» ነው። በ2025 ከማሳካኔ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት የወጣው ኢንጆንጎ ይህን ለማቃናት ተነሥቷል። አማርኛና ኦሮምኛን ጨምሮ በ16 የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ተናጋሪዎቹ ከራሳቸው ኑሮ ተነሥተው የጻፏቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉበት። ባንክም ጉዞም አለበት። ይበል የሚያሰኝ ነው። ሁለቱም ዳታዎች ግን የያዙት ነጠላ ዓረፍተ ነገሮችን ነው። ሰው የጀመረውን ሲተው፣ ሲያርም፣ ሲመለስበት አያሳዩም።

ድምፁም እንደዚሁ ነው። በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት 20 ሰዓት የሚሆን የአማርኛ ድምፅ ለዘርፉ ትልቅ መሠረት ነው። ያ ግን ከወረቀት የተነበበ ድምፅ ነው። ስልክ ላይ የሚመጣው አማርኛ ከኋላው የታክሲ ረዳት ይጮህበታል። የጎጃም ሰው ይናገረዋል፣ የወሎ ሰው ይናገረዋል፣ አፉን በሲዳምኛ የፈታ ሰውም ይናገረዋል። ደግሞ አንድ ነገር አለን። ብዙዎቻችን «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ሰው ሲሰማው ይገባዋል። ማሽኑ ዝምታ ወይም ጫጫታ አድርጎ ይጥለዋል። ከዚያ «መልስዎን አልሰማሁም» ይላል። ሰውየው እኮ መልሷል! ይህን ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ማሽን መሥራት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ፈታኙ መፈተን እንዳለበት ማወቅ አለበት።

እናትን መሐል ላይ ያቋረጣቸው ነገርም ይለካል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 10 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ፣ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከቋንቋ ቋንቋም ልዩነት አለው። አማርኛ ከ10ሩ ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ ምን ያህል ይጠብቅ የሚለውን ከውጭ እንደመጣ መቀበል ታዲያ ግምት ነው። ደዋዮቻችሁ የት ላይ ቆም እንደሚሉ የሚያሳይ የጥሪ ቅጂ በእጃችሁ አለ። ለኩት።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ገንዘብና ጤና ይነካል። «ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዢልኝ» ያለ ሰው ጠዋት ሊመጣ ነው። ለሌላ አገር የተሠራ ሶፍትዌር ግን ሌሊት 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን የምትደውል እህታችን ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ልትናገር ትችላለች። ስለዚህ ማሽኑ መገመቱን ትቶ «ጠዋት 3 ሰዓት ነው ያሉኝ?» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። «በ2012 ነው የከፈትኩት» ሲባልም የትኛው 2012? በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል 7 ወይም 8 ዓመት አለ። ጳጉሜን 4 የተወለደ ሰው «እባክዎ ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ተብሎ ሲመለስስ ምን ያድርግ? የልደት ቀኑን ይቀይር? በየማሽኑ ላይ እነዚህን ሦስት ነገሮች ብቻ ሞክሩልኝ። በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

የአክብሮቱንም ነገር እንዲሁ። አማርኛ ግሱ ውስጥ ስለሚለይ ማሽኑ ደዋዩን ሳያውቀው አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለቱ አይቀርም። «እርስዎ» ብሎ ይጀምር፣ እስከ መጨረሻውም ይጽና። አሁን የማየው በ«እንኳን ደህና መጡ» ጀምሮ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄድ «ቁጥርህን አስገባ» የሚል ማሽን ነው። ደዋዩ ሴት ልትሆን ትችላለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ወጪው ያስፈራል የምትሉ ካላችሁ፣ ርካሽ መንገድ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ማሽኑ ሳይገዛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው ይቀመጥና እንደ ማሽን ሆኖ ይመልሳል። ደዋዩ ከማሽን ጋር እንደሚያወራ አስቦ ያወራል። ሲያበቃ እውነቱ ይነገረዋል፣ ቅጂው ይቀመጥ እንደሆነ ይጠየቃል። በ2018 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የወጣው መልቲዎዝ የተሰበሰበው በዚህ መንገድ በሁለት ሰዎች መካከል በጽሑፍ በተደረጉ ንግግሮች ነው። ከ10,000 በላይ ናቸው፤ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ባቡር፣ ታክሲ። የዓለም ተመራማሪዎች ለዓመታት የሚፈታተኑበት ሆኗል። እኛ 10,000 አያስፈልገንም። አንድ ሺህ የእውነት የአማርኛ ንግግር ቢኖረን ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰ አጣዳፊ የሆነ ነገር መጥቷል። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት አዲሶቹ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አማርኛቸው ይጥማል። የማያውቁትንም በዚያው ጣፋጭ አማርኛ ይናገራሉ። የቀድሞው ማሽን ሲሳሳት ያስታውቃል፤ የአሁኑ አያስታውቅም። በካናዳው አየር መንገድ በኤር ካናዳ ላይ የደረሰውን አይታችኋል። ቻትቦቱ፣ ማለትም በጽሑፍ የሚመልሰው ማሽኑ፣ ለሐዘን የሚጓዝ ሰው ከጉዞ በኋላም የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል ብሎ ለአንድ ተሳፋሪ ነገረው። የድርጅቱ ደንብ ግን እንደዚያ አይልም። ነገሩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ወዳለ የዳኝነት አካል ሄደ። የድርጅቱ ክርክር ቻትቦቱ ለሚናገረው ራሱ ተጠያቂ ነው እስከ ማለት የሚደርስ ነበር። በየካቲት 2024 የተሰጠው ውሳኔ ግን ቻትቦቱ የድርጅቱ አካል ነው፣ ለቃሉም ድርጅቱ ይጠየቃል የሚል ሆነ። ተሳፋሪው ካሳ አገኘ። እኛ ዘንድ ማሽን የነገረውን አምኖ ገንዘብ የላከ ወይም ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ወዴት ይሄዳል? ይህ ከወዲሁ ይታሰብበት።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር።

ጥሪ የምትቀበሉ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች፣ ወደ ሰው ሳይተላለፍ ካለቀው ጥሪ አጠገብ ሌላ ቁጥር አስቀምጡ። ያው ስልክ በ3 ቀን ውስጥ ስለዚያው ጉዳይ እንደገና ደውሏል ወይ? ሲስተማችሁ ይህን ያውቃል፤ አዲስ መሣሪያ አይፈልግም። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደዋዮችን መርጣችሁ ሰው መልሶ ይደውልላቸው። «ጉዳይዎ አለቀልዎ?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ። ደዋይ በማንኛውም ሰዓት «ሰው አገናኙኝ» ሲል ያለ ክርክር ይተላለፍ። በሙከራው ጊዜ የቢሮ ሠራተኞቻችሁን ብቻ አታስቀምጡ። የጉልት ነጋዴ፣ ጡረተኛ፣ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚናገር፣ ዐይነ ሥውር፣ እነዚህ ይሞክሩት። ለጊዜያቸው ክፈሏቸው።

ኢንስቲትዩቱን የምጠይቀው ደግሞ ማንም ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ነው። በአማርኛ የተደረጉ የእውነት ንግግሮች ያሉበት አንድ የጋራ መፈተኛ ይኑረን። በአማርኛ ይጀመር፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ይከተሉ። ሰዓቱ፣ ጳጉሜኑ፣ ሰላምታው፣ እርስዎታው፣ የተቀላቀለው አማርኛ ሁሉ ይግባበት። ንግግሮቹ ሲሰበሰቡ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይከበር። ደዋይ ይጠየቅ፣ ስምና የሂሳብ ቁጥር ይነሣ። ንግግሮቹን የሚመዝኑት ዳኞች ከአንድ ከተማ ብቻ አይምጡ፤ ሁለት ዳኞች ሲለያዩም ልዩነታቸው ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ለመንግሥት አገልግሎት የሚገባ ማሽን ሁሉ በዚህ ይፈተን። ውጤቱም፣ የወደቀበት ጭምር፣ ለሕዝብ ይውጣ። ወጣት የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን የሚፈሩት አይመስለኝም። የሚቸገሩት የሚለኩበት በማጣታቸው ነው።

ይህ ሥራ ሲጀመር ጥሪ አዳምጦ የሚመዝን ሰው ማሠልጠን ያስፈልጋል። እኔ ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ፈቃደኛ ነኝ። አብረውኝ ስልክ ያነሡ የነበሩ ሌሎችም እንዲሁ ብለውኛል። በየትኛው ቀን፣ የት እንምጣ?

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛና የንግግር ማሽኖች ፈታሽ
አዲስ አበባ